ቤቱን ገዛችሁ፣ መንገዱን ግን አልገዛችሁም

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከተማሪነቴ ጀምሮ አነባለሁ። አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር አንድ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ቤት ገዛን። አቅማችን የቻለው እሱን ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል። ተበድረን ሙሉ በሙሉ አደስነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ነበሩ። ከፊት ለፊታችን ተከራይተው የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ሁልጊዜ ሰላም ይሉን ነበር፤ ስወልድም መጥተው ጠይቀውኛል። አሁን ግን ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ኋላ ስሰማ አከራያቸው ኪራይ ጨምሮባቸዋል። ጭማሪውን ሲነግራቸው ‹ማዶ ያለው ቤት ስንት እንደተሸጠ አላዩም?› ብሏቸዋል አሉ።

ከቤታችን ጥግ፣ ዛፍ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ። ቅዳሜና እሁድ የሰፈሩ ወንዶች እዚያ ዳማ ይጫወታሉ። ስፒከር ይከፍታሉ። እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ይቆያሉ። የስምንት ወር ልጃችን የሚተኛው በዚያ በኩል ባለው ክፍል ነው። በቅርብ ዓመታት የገባን ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። እዚያ ላይ ለማዘጋጃ ቤት የሚገባ አቤቱታ ተዘጋጅቷል። ጠረጴዛው እንዲነሳና መሰብሰቡ እንዲቆም ይጠይቃል። አሥራ አንድ ሰው ፈርሟል። የቀረሁት እኔ ነኝ። የሚገባው ዓርብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጠዋት ስንወጣ አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ‹ቤቱን ገዛችሁ፣ መንገዱን ግን አልገዛችሁም› የሚል ተጽፎ አገኘን። ባለቤቴ ካሜራ እናስገጥም ይላል። እኔ አለቀስኩ። ምን አጠፋን? ሰርቀን አልገባን። ልፈርም? ወይስ ሸጠን እንውጣ?

አዲሷ ጎረቤት»

መልስ

ልጄ፣ እንዲህ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ከተማሪነትሽ ጀምሮ ካነበብሽኝ ዕድሜዬን ትገምቺዋለሽ።

ዓርብ ቅርብ ስለሆነ መልሱን ላስቀድም። አትፈርሚ። ሸጣችሁም አትውጡ። ምክንያቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። «ቻይው፣ ሰፈሩ እንዲህ ነው» ብዬ ግን አላልፍሽም። ሕፃን ይዞ እስከ አምስት ሰዓት በስፒከር መናጥ ቀልድ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚወስነው ውሳኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ይቆጫል። እሱን ከራሴ አውቀዋለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም ዓይኔ የቆመው አጥሩ ላይ የተጻፈው ጋ ነው። አጥር ላይ መጻፍ ነውር ነው፤ ማንም ይጻፈው። ግን ምን እንደሚል እስቲ ረጋ ብለሽ እይው። ስድብ የለበትም። «ውጡ» አይልም። ቤቱ የእናንተ መሆኑን አምኖ ነው የጀመረው። ክርክሩ ስለ መንገዱ ነው። ይህ ሰፈር እንዴት እንደሚኖር፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማታ ምን እንደሚሰማ የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄው ይኼ ነው። የጻፈው ሰው ስለ አቤቱታው ሰምቷል ብዬ እገምታለሁ። አሥራ አንድ ሰው የፈረመበት ወረቀት አሮጌ ሰፈር ውስጥ ምስጢር ሆኖ አይቆይም።

እናንተን የገጠማችሁ ነገር ስም አለው፤ ጄንትሪፊኬሽን ይሉታል። ቃሉን ያወጣችው ሩት ግላስ የምትባል ለንደን ትኖር የነበረች የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ ናት፤ በ1964 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የሠራተኛ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንድ በአንድ ደህና ገቢ ባላቸው ሰዎች እየተያዙ፣ ትንንሾቹ ቤቶች እየታደሱ፣ ዋጋቸው እየተሰቀለ ሲሄድ አየች። «ጄንትሪ» እንግሊዞች ባለርስቱንና ጨዋውን መደብ የሚጠሩበት ነው። ቃሉ ውስጥ ትንሽ ፌዝ አለ። እሷ ያየችው ሂደት አንዴ ከጀመረ የድሮዎቹ ነዋሪዎች አብዛኞቹ እስኪወጡ ድረስ አይቆምም የሚል ነበር። ያ ሁሌ እውነት ሆኗል ማለት አይደለም። ለሰፈርሽ ሰዎች ግን ፍርሃቱ ይኸው ነው። ሌላ ሰፈር የደረሰውን ሰምተዋል።

«ምን አጠፋን?» ብለሻል። ቤት በመግዛታችሁ ምንም። ኒል ስሚዝ የሚባል የጂኦግራፊ ሰው በ1979 ነገሩን በቀላሉ አስቀምጦታል። አንድ መሬት አሁን በሚሰጠው ገቢና ሊሰጥ በሚችለው ገቢ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ሰፈሩ ለዓመታት ሳይጠገን፣ ማንም ገንዘብ ሳያወጣበት ሲቆይ ክፍተቱ ይሰፋል። ይሄን ጊዜ ገንዘብ ይመጣል። አንቺና ባለቤትሽ ሳትመጡ በፊት ያ የሚያፈስ ጣሪያ ስንት ዓመት ሲያፈስ ኖረ? በሩን የከፈታችሁት እናንተ አይደላችሁም። ተከፍቶ አገኛችሁት።

ስለዚህ ጸጸትሽን ወደ ጎን አድርጊው። እውነቴን ነው። ጸጸት ላለበት ሰው ከባድ ነው፤ ለጎረቤት ግን አንዳች አይጠቅምም። አንዳንዴ እንዲያውም ይጎዳል። የተጸጸተ ሰው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ከመጠን በላይ ይለማመጣል፣ ወይ ደግሞ «እኔ ምን አደረግኩ!» ብሎ ይቆጣል። ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ።

አሁን ወደ ፊርማው። ደብዳቤሽ ሁለት ነገር ቀላቅሏል። አንዱ ጩኸት ነው። ሌላው ኪራይ ነው። ዳማ የሚጫወቱት ሰዎች ከፊሎቹ የራሳቸው ቤት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲያ ከሆነ የሰፈሩ መወደድ ለእነሱ ሀብት ነው። እናትየዋ ግን ተከራይ ናቸው። የሰፈሩ መወደድ ለሳቸው መፈናቀል ነው። «የድሮ ነዋሪ» ብለን አንድ ላይ የምንጠራቸው ሰዎች ጥቅማቸው አንድ አይደለም። ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ግን ነገሩ አንድ ይሆንባቸዋል። ቤት ተገዛ፣ ኪራይ ጨመረ፣ አሁን ደግሞ ጠረጴዛው ሊነሳ ነው። እንደ አንድ ታሪክ ነው የሚያነቡት። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የማነበው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ፈራሚዎቹ ያላሰቡት ይመስለኛል። አዲስ የገባ ሰው ጽሑፍ ይችላል። የትኛው ቢሮ እንደሚገባ፣ ለማን በግልባጭ እንደሚልክ ያውቃል። ሰፈሩ ግን ምናልባት አሥር ዓመት ስለተደፈነ ቦይ ሲያመለክት ኖሮ ሰሚ አላገኘም ይሆናል። የእናንተ ወረቀት ገብቶ በሁለት ሳምንት ሠራተኛ ጠረጴዛውን ሊነቅል ቢመጣስ? ዛፉ ሥር ያሉት ሰዎች ያን ዕለት የሚያዝኑት ለጠረጴዛው ብቻ አይሆንም። «ለካ መንግሥት ጆሮ ነበረው» ነው የሚሉት።

ይህ በምናብ የፈጠርኩት አይደለም። በ2019 ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሻው የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የሞባይል መሸጫ ነበር። ከ1995 ጀምሮ በሩ ላይ ባለው ስፒከር ጎጎ የሚባለውን የከተማዋን የራሷን ሙዚቃ ያጫውታል። በአካባቢው አዲስ ዘመናዊ አፓርታማ ተሠራ። ከአፓርታማው ስለ ድምፁ ቅሬታ መጣ። ስፒከሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ቅሬታ ያቀረበው ሰው ምናልባት እንዳንቺ መተኛት ብቻ ነበር የፈለገው። ግን ሰዎች አደባባይ ወጡ፤ ባንዶች መንገድ ላይ ተጫወቱ፤ በኢንተርኔት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ተሰበሰበ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሙዚቃው ተመለሰ። በ2020 ጭራሽ ጎጎ በሕግ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ ሆነ። አንድ ስፒከር ለማጥፋት የተጀመረ ነገር ከተማውን ሁሉ ስፒከር አደረገው። ሰዎቹ ያን ያህል የተነሱት ድምፁ ስለጠፋ ብቻ መሰለሽ? ከሃያ ዓመት በላይ የሰሙትን ነገር፣ ትናንት የመጣ ሰው በአንድ ቅሬታ ሊያስቆመው መቻሉ ነው ያንገበገባቸው።

ቃል በገባሁት መሠረት ወደ ራሴ ልመለስ። እኔም ፈርሜ አውቃለሁ። እንዲያውም አርቃቂዋ እኔ ነበርኩ።

ከመኝታ ክፍሌ መስኮት ማዶ የብረት በር የሚሠራ ሰው ነበር። ግራይንደሩ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ድምፁ ጥርስ ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ ሌሊት የምጽፍ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ብስጭት ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ጽሑፍ እንጀራዬ አይደል? አሳመርኩት። «የነዋሪውን ጤና» አልኩ፣ «የአካባቢውን ገጽታ» አልኩ። ሰባት ሰው አስፈረምኩና ለሚመለከተው ቢሮ አስገባሁ። በሁለተኛው ወር ቤቱ ታሸገ። አንድም ቀን ሄጄ ሰውየውን አናግሬው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ጸጥታው ጣፈጠኝ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ሰውየው በሩን ከፍቶ እስከ ማታ ስለሚሠራ መንገዱን የሚጠብቀው እሱ ነበር ለካ። የልጆች ኳስ መኪና ሥር ስትገባ የሚያወጣት እሱ ነው። የማላውቀው ሰው በሬን ሲያንኳኳ «የሉም፣ ምን ልበልልህ?» የሚለውም እሱ ነው። ቤቱ ከታሸገ በኋላ መንገዱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ባዶ ሆነ። በማታ ስገባ ቁልፌን ከመንገድ ጥግ ጀምሬ በእጄ ይዤ መሄድ ለመድኩ።

ከዓመት በኋላ ሌላ ቦታ አገኘሁት። ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። አላኮረፈኝም፤ ባኮረፈኝ ይሻለኝ ነበር። «ለምን መጥተው አልነገሩኝም? ሦስት ሰዓት እጀምር ነበር'ኮ» አለኝ። ይኸው ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር በመካከላችን የነበረው። ያን ሁለት ሰዓት ለማግኘት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። በመንገዱ ማዶ ሁለት እርምጃ ግን አልሄድኩም።

ስለዚህ አንቺ ሂጂ። ዓርብ ሳይደርስ። ሰዎቹ የሚሰበሰቡት ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ በሥራ ቀን ከመካከላቸው አንዱን ፈልጊ። በየሰፈሩ ቃሉ የሚከበር ሰው አይጠፋም፤ እስካሁን ካላወቅሽው ራሱ አንድ ነገር ይነግርሻል። ከባለቤትሽ ጋር ሂዱ። ወደ እነሱ ስትሄጂ ልጁን አትያዢው፤ ሕፃን ታቅፎ የሚመጣ ሰው የማስገደድ ያህል ነው። ስጦታም አትያዢ።

ምን ትያለሽ? ስለ «ሰፈሩ ሰላም» አታውሪ፤ ሰፈሩ ሳትመጪም ሰላም ነበረው። ስለ ራስሽ ተናገሪ። «ልጄ የሚተኛው በዚህ መስኮት በኩል ነው። ሁለት ሰዓት ላይ አስተኛዋለሁ። የስፒከሩ ባስ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ይነቃል።» ይሄን ያህል ይበቃል። ከዚያ የምትፈልጊውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ። ስፒከሩ ፊቱን ወደ ማዶ እንዲያዞር ሊሆን ይችላል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ድምፁ እንዲቀንስ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ይቀጥል። ወሬውና ሳቁ ይቀጥል። ጠረጴዛው ባለበት ይሁን። ስልክ ተለዋወጡ። ድምፁ ከፍ ሲል የምትደውይለት ሰው ይኑርሽ፤ ግሩፕ ላይ የምትጽፊለት ሳይሆን።

እሺ ላይሉሽ ይችላሉ። «መጀመሪያ ስትመጡ የት ነበር ሰላምታችሁ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አትከራከሪው። ጥያቄው ተገቢ ከሆነ «ልክ ነህ» ማለት ይቻላል፤ ሰማይ አይወድቅም። ደግሞም የድሮ ነዋሪ መሆን ቅድስና አይደለም። ዛፉ ሥር ካሉት መካከል ባለጌም ይኖራል። ሌላ ጎረቤት፣ የድሮ የሚባለውም ራሱ፣ ድምፁ ሲያስመርረው ኖሮ ለመናገር ፈርቶ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ በሰላም ጠይቀሽ ካልሰሙሽ፣ ያን ጊዜ ስለ ድምፁ ብቻ፣ በስምሽ፣ አስቀድመሽ ነግረሻቸው ማመልከት መብትሽ ነው። አሁን የተዘጋጀው ወረቀት ግን ድምፅ እንዲቀንስ አይጠይቅም። ሰዎች እንዳይቀመጡ ነው የሚጠይቀው። ሁለቱ ሩቅ ለሩቅ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከእናንተም በኩል አለ። ቤቱን ሙሉ በሙሉ ስታድሱ የልጁ ክፍል መስኮት ምን ሆነ? ድርብ መስታወት አላችሁ? በአንዳንድ አገር «ለውጥ ያመጣ ይሸከም» የሚል መርህ በሕንፃ ፈቃድ ደንብ ውስጥ ገብቷል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በ2014፣ እንግሊዝ በ2018 ተቀብለውታል። የሙዚቃ ቤት ባለበት ቦታ አጠገብ አዲስ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ድምፅ መከላከያውን ራሱ ይሠራል፤ ቀድሞ የነበረውን ዝጋ አይልም። ያንቺ ጉዳይ የሙዚቃ ቤት አይደለም፤ ሕጉም አይመለከትሽም። ሐሳቡ ግን ደህና ነው። ልጁን ወደ ጓሮ ክፍል ማዛወር ይቻላል? ወፍራም መጋረጃስ? የራስሽን ድርሻ አድርገሽ ስትሄጂ ንግግርሽ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። «መስኮቱን ቀይረናል፣ ግን ባሱ አሁንም ይገባል» ማለት ከባዶ እጅ ጥያቄ ይለያል።

ግሩፑ ላይም ዝም አትበይ። ሳይፈርሙ ተደብቆ መቅረት ቀላሉ መንገድ ነው፤ አልመክርሽም። «እኔ አልፈርምም፤ መጀመሪያ ሄደን እናናግራቸው፤ ማን አብሮኝ ይሄዳል?» ብለሽ ጻፊ። ሁለት ሰው «እኔ» ቢል ጥሩ ነው። ከአሥራ አንዱ መካከል ደስ ሳይለው የፈረመ አይጠፋም። ሰው ግሩፕ ላይ ብቻውን ላለመቅረት ብዙ ነገር ይፈርማል።

ስለ ካሜራው። የቤታችሁን በር ማየት ትችላላችሁ። ወደ ዛፉ ግን አታዙሩት። ሰው ዳማ ሲጫወት የሚቀዳ ጎረቤት አጥሩ ላይ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር እውነት ያደርገዋል። ቀለሙን ደግሞ ፎቶ አንሱና ቀቡት፤ በዚሁ ይለቅ። ወደ ፖሊስ የምትሄዱት ዛቻ ከመጣ ነው።

አሁን ወደ እናትየዋ ልምጣ። ቀልቤ ያለው እዚያ ነው፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደኝም እሱ ነው።

ላንስ ፍሪማንና ፍራንክ ብራኮኒ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2004 ያወጡት ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጧል። የ1990ዎቹን ኒው ዮርክ ነው ያዩት። እየተወደዱ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ድሆች ቤት የመልቀቅ ዕድላቸው ከሌሎች ሰፈሮች ድሆች ያነሰ ሆኖ አገኙት። አንዳንዱ ይህን ይዞ «እንግዲያው ማንም አይጎዳም» አለ። ቸኩሏል። ሰፈሩ መብራቱ ሲስተካከል፣ ጥበቃው ሲሻሻል፣ ማን መልቀቅ ይፈልጋል? ሰው ጥርሱን ነክሶ ይቆያል። ከሌላው ነገር እየቀነሰ ኪራዩን ይከፍላል። ሳይለቅም ይጎዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ ቀን ሲለቅ እሱን የሚመስል ሰው በቦታው ሊገባ አይችልም። ፒተር ማርኩዘ የሚባለው የከተማ ፕላን ሊቅ በ1985 ይህን ሁለት ነገር ለይቶ ጽፎታል። አንዱ ቀድሞ ይገባ የነበረው ሰው አሁን መግባት አለመቻሉ ነው። ሌላው ግፊት ነው። ጓደኞችህ ይወጣሉ፣ የምታውቀው ነገር ሁሉ ይዘጋል፣ አንተ ገና ቤትህ ውስጥ ተቀምጠህ ሰፈርህ ከሥርህ ይሄዳል።

እናትየዋ ያሉት እዚያ ግፊት ውስጥ ነው። ፊታቸውን ያዞሩት አንቺን ጠልተው አይመስለኝም። የቤትሽ ዋጋ የሳቸው የኪራይ ጭማሪ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦባቸዋል። አንቺን ባዩ ቁጥር የአከራዩ ድምፅ ነው የሚመጣባቸው። «እኔ አልጨመርኩብዎት» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ያውቁታል።

የምትችዪው ሌላ ነገር አለ። ጭማሪው በጽሑፍ ተነግሯቸዋል? ምን ያህል ጊዜ ተሰጥቷቸዋል? ውላቸው ምን ይላል? እናንተ በምትኖሩበት ከተማ አከራይ በፈለገው ጊዜ የፈለገውን ያህል መጨመር ይችላል ወይስ ገደብ አለበት? ብዙ ተከራይ ይህን ሳይጠይቅ ነው የሚወጣው። ያለምንም የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ «ልቀቁ» በተባለ ማግስት ዕቃውን የሚያወጣ አለ። ኒው ዮርክ በ2017 ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆና ከቤት እንዲወጡ ለሚከሰሱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተከራዮች ጠበቃ የማግኘት መብት በሕግ ያወጣችው ለምን ይመስልሻል? አከራዩ ከጠበቃው ጋር ሲቆም ተከራዩ ለብቻው ስለሚቆም ነው። አንቺ ጠበቃ መሆን አይጠበቅብሽም። ወረቀት ማንበብ ትችያለሽ። ቢሮ መሄድና ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራ መጠበቅ ትችያለሽ። ግሩፑ ለጠረጴዛው ያሰናዳው ያ ሁሉ የጽሑፍ ችሎታ እዚህ ቢውል እንዴት ያለ ነገር ነበር።

በርሊን ውስጥ ኮትቡሰር ቶር የሚባል አደባባይ አለ። በ2012 ኪራይ የከበዳቸው የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹ ከቱርክ የመጡ ቤተሰቦች፣ አደባባዩ ላይ የእንጨት ጎጆ ሠርተው ተቃውሞ ተቀመጡ። ጎጆዋን በቱርክኛ «ገጀኮንዱ» አሏት፤ በአንድ ሌሊት የተሠራ ቤት ማለት ነው። ሌሊቱን ሁሉ በፈረቃ ሰው ይቀመጥባት ነበር። አንድ ሕንፃ ውስጥ እየኖሩ ሰላም ተባብለው የማያውቁ ሰዎች ለፈረቃ ሲመደቡ ተዋወቁ። ይህን ያነሳሁት ጎጆ ሥሩ ለማለት አይደለም። አዲስና አሮጌ ጎረቤት እርስ በርሱ ሲፋጠጥ ኪራይ የሚጨምረው ሰው በሰላም እንደሚተኛ ለማስታወስ ነው። ለነገሩ አከራዩ እዚያ ሰፈር ይኖራል? ደብዳቤሽ ላይ የለም። ብዙ ጊዜ አይኖርም።

ከደላላው በኩልም አንድ ነገር አጣሪ። ቤቱን ያሻሻጠላችሁ ደላላ የታደሰውን ቤታችሁን ፎቶ «በዚህ ሰፈር እንዲህ ተሸጠ» እያለ ማስታወቂያ ላይ ይጠቀምበት እንደሆነ ተመልከቺ። ከተጠቀመ እንዲያነሳው ንገሪው። የሰፈሩን ዋጋ አያወርደውም። ግን ቤትሽ የሌላ ሰው ማስወጫ ሆኖ እንዳይቀርብ ማድረግ ትችያለሽ። ይህ በእጅሽ ያለ ነገር ነው።

መሸጥ ብለሻል። አስቢው፤ ከዛሬው ዋጋ በላይ ለሚከፍል ሰው ነው የምትሸጪው። ዛፉ ሥር ያሉትን ሰዎች ለማናገር ሁለት ቀን እንኳ ሳያስብ ለሚፈርም ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለእናትየዋ ደግሞ አዲስ ማስረጃ ይመጣባቸዋል።

ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ማታ ወደ ሰዎቹ ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን የእናትየዋን በር አንኳኪ። ብቻሽን፤ ባለቤትሽ ይቆይ። ስለ ጠረጴዛው አታንሺ፤ ስለ አጥሩም አታንሺ። «ኪራይ እንደጨመረብዎት ሰማሁ፤ ወረቀት ከሰጥዎት አብረን እናየዋለን?» በይ። በሩን ገርበብ አድርገው ቆመው ቢያናግሩሽም አትቀየሚ። እዚህኛው በር ላይ ልጁን ይዘሽ ሂጂ። ሲወለድ አይተውታል። አሁን እየዳኸ ይሆናል መሰለኝ።